ሰባት ሌሊት ከማያውቋቸው ልጆች ጋር



በካርኒቫል ኩባንያ የመዝናኛ መርከቦች ላይ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጉብኝት በኋላ ወላጅ ድርሽ የማይልባቸው ሁለት ክፍሎች አሉ። አንዱ «ሰርክል ሲ» ይባላል፤ ከ12 እስከ 14 ዓመት ለሆናቸው ልጆች ነው። ሌላው «ክለብ ኦ ቱ» ሲሆን ከ15 እስከ 17 ያሉት ይገቡበታል። ኖርዌጂያን የተባለው ኩባንያ ደግሞ ከ13 እስከ 17 ያሉትን በአንድ አዳራሽ ሰብስቦ «አንቱራዥ» ብሎታል። ዲዝኒም የራሱ አለው። ስሙ ይለያይ እንጂ ውስጡ ያው ነው፤ ሶፋ፣ ሙዚቃ፣ የቪዲዮ ጌም፣ አንድ ሁለት ወጣት አስተናጋጆች፣ እና አንዱ የሌላውን ስም የማያውቅ የታዳጊ ጭፍራ።

በመጀመሪያው ምሽት በዚያ በር ፊት አንድ የ14 ዓመት ልጅ ቆሟል እንበል። አባት ከኋላው ሆኖ «ግባ እንጂ፣ ማን ይበላሃል!» ይላል። እናት ፎቶ ለማንሣት ስልኳን አውጥታለች። ታናሽ እህቱ የትንንሾቹ ክፍል ውስጥ ከገባች ሩብ ሰዓት ሳይሞላት ሦስት ጓደኛ አፍርታ ጨርሳለች፤ ይህም በየደቂቃው ይነገረዋል። ልጁ በሩን ያያል፣ ጫማውን ያያል፣ «ማሚ፣ ሆዴን አሞኛል» ብሎ ወደ ካቢኑ ይመለሳል። የቀረውን ሳምንት ከስልኩ ጋር ያሳልፋል።

ይህ ንግግር ስለዚያ ልጅ ነው፤ ከኋላው ስለቆሙት ሁለት ሰዎችም ነው። እንዲያውም የሚበዛው ስለ እነሱ ነው።

በመርከብ መዝናናት የጥቂቶች ቅንጦት መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። በ2023 በመላው ዓለም 31.7 ሚሊዮን ሰው በመዝናኛ መርከብ ተጉዟል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዋሽንግተን ዙሪያ ለሚኖር ሐበሻ ቤተሰብ ደግሞ የባልቲሞር ወደብ ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ነው። የአውሮፕላን ቲኬት ሳይቆርጡ፣ ሻንጣ ጭኖ፣ ወደ ቤርሙዳ ወይም ወደ ባሃማስ መሄድ ይቻላል። ለልጅ ምረቃ፣ ለእናት ስድሳኛ ዓመት፣ በየስቴቱ ለተበተነ ዘመድ መገናኛ የሚመርጡት አሉ። ለአዋቂው ነገሩ ሁሉ ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። ለዓይናፋር ታዳጊ ግን መርከቡ መውጫ የሌለው የትምህርት ቤት ካፌ ሊሆንበት ይችላል።

እዚህ ላይ ሳይነገር የማይታለፍ ነገር አለ። ብዙ የሐበሻ ቤት የልጁን ዝምታ እያወደሰ ያሳድገዋል። እንግዳ ሲመጣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰላም የሚል፣ ትልልቆች ሲያወሩ ጥልቅ የማይል፣ የቀረበለትን «ይበቃኛል» ብሎ የሚያመሰግን ልጅ ጨዋ ይባላል፤ ወላጁም ይመረቅበታል። ያው ልጅ 14 ዓመት ሲሞላውና መርከብ ላይ ሲወጣ፣ ሳሎን ውስጥ ያስመሰገነው ጠባይ በአንድ ጀምበር ጥፋት ይሆንበታል። «ምን ይዘጋሃል? የሰው ልጆች እኮ ይጫወታሉ!» ይባላል። ልጁ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም።

ደግሞም ዓይናፋርነት ሁሉ የአስተዳደግ ውጤት አይደለም። የሃርቫርዱ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጀሮም ኬገን ነገሩን ከአራት ወር ሕፃናት ተነሥቶ ለዓመታት ተከታትሎታል። ለሕፃናቱ አዲስ አሻንጉሊትና እንግዳ ድምፅ ሲቀርብላቸው ከ5ቱ 1 ያህሉ እጅና እግራቸውን እያወራጩ ያለቅሱ ነበር። እነዚህ ሕፃናት ሲያድጉ አዲስ ሰውና አዲስ ቦታ ፊት ቁጥብ የመሆን ዝንባሌያቸው ከሌሎቹ በልጦ ተገኘ። ሁሉም ግን ዓይናፋር ሆነው አልቀሩም። ተፈጥሮ ዝንባሌውን ትሰጣለች፤ ዝንባሌው ወዴት እንደሚያመራ በአብዛኛው የሚወሰነው ከዚያ በኋላ በሚገጥመው ነገር ነው። በሰባት ቀን የሚነቀል ጠባይ ነው ብሎ የተሳፈረ ወላጅ ታዲያ ከመነሻው ተሳስቷል።

ሌላም መለየት ያለበት አለ። በ1981 ጆናታን ቺክና አርኖልድ በስ የተባሉ ተመራማሪዎች ዓይናፋርነትና ብቸኝነትን መውደድ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን አሳይተዋል። አንዱ ልጅ ጓደኛ ይፈልጋል፣ ግን ይፈራል። ሌላው አይፈራም፤ ብቻውን መሆን ተመችቶት ነው። ሁለተኛው ዓይነት ልጅ ከላይ ዴክ ላይ መጽሐፉን ይዞ ተጋድሞ ባሕሩን እያየ ከሆነ፣ ጓደኛ ካላመጣህ ብሎ ማባረሩ ዕረፍቱን መንጠቅ ነው። እሱን በሰላም መተው ይገባል። ሐሳባችን ያለው በበሩ ላይ ቆሞ ወደ ውስጥ በሚያየው ልጅ ላይ ነው።

ያ ልጅ ቆሞ ሳለ በአእምሮው የሚመላለሰው «ሁሉም እኔን እያዩ ነው» የሚል ነው። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ቶማስ ጊሎቪች በ2000 ባሳተመው ጥናት ተማሪዎችን ያሳፍራቸዋል የተባለ የዘፋኝ ፎቶ ያለበት ቲሸርት አልብሶ፣ ሌሎች ተማሪዎች ወደተቀመጡበት ክፍል ያስገባቸው ነበር። የለበሱት ተማሪዎች በክፍሉ ካለው ሰው ግማሽ ያህሉ ያየናል ብለው ገመቱ። በትክክል ያስተዋለው ግን ሩብ ገደማ ነበር። የቀረው የራሱን ጉዳይ ይዟል። የታዳጊዎቹ ክለብ ውስጥም ነገሩ ከዚህ አይርቅም፤ ስለ ገባው ልጅ ሳይሆን እያንዳንዱ ስለ ራሱ ፀጉርና ስለ ራሱ ጫማ ይጨነቃል። ተመራማሪው ፊሊፕ ዚምባርዶ በ1970ዎቹ ስታንፎርድ ላይ ሰዎችን ሲጠይቅ ከ10 ሰው 4 ያህሉ «ዓይናፋር ነኝ» ብሎታል። ሠላሳ ልጅ በተሰበሰበበት ክፍል ውስጥ በሩን ፈርቶ የገባው አንድ ብቻ ሊሆን አይችልም ማለት ነው።

የሚያጽናና ሌላ ግኝትም አለ። ኤሪካ ቡዝቢና ባልደረቦቿ በ2018 ባሳተሙት ሥራ መሠረት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነጋገሩ ሰዎች የተወደዱትን ያህል እንደተወደዱ አያምኑም። እያንዳንዱ «ደበርኩት መሰለኝ» ብሎ ይሄዳል፤ ያኛው ግን ወዶታል። አንድ መኖሪያ በሚጋሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ ይህ የግምት ጉድለት ለወራት ቆይቷል። ልጁ ከክለቡ ወጥቶ «አልወደዱኝም» ካለ ቃሉን እንደ ማስረጃ መቀበል አያስፈልግም። ክርክር ውስጥ መግባትም አይጠቅምም፤ «ነገ ስንት ሰዓት ይከፈታል?» ብሎ ማለፍ ይበቃል።

አሁን በበሩ ወደቆመው አባት እንመለስ። ከ«ግባ እንጂ» ቀጥሎ የሚመጣው «ሂድና ስምህን ነግረህ ተዋወቃቸው» የሚለው ምክር ሠርግ ቤት ለሚሄድ አዋቂ የሚስማማ ነው። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኤሊዛቤት ላውገሰንና ባልደረቦቿ የጀመሩት «ፒርስ» የተባለ ሥልጠና አለ። መጀመሪያ ኦቲዝም ላለባቸው ታዳጊዎች የተዘጋጀ ሲሆን ከዚያ ወዲህ ለሌሎችም ውሏል። የሥልጠናው ብልሃት ትልልቆች «ይሠራል» ብለው የሚገምቱትን ትቶ፣ ጓደኛ ማፍራት የሚቀናቸው ታዳጊዎች በተግባር የሚያደርጉትን ማስተማሩ ነው። እነዚያ ታዳጊዎች ደግሞ በጨዋታ ላይ ወዳለ ቡድን ሄደው እጅ ዘርግተው «እገሌ እባላለሁ» አይሉም። ቢሉ ይሳቅባቸዋል።

የሚያደርጉት እንዲህ ነው። ጥቂት ራቅ ብለው ይቆማሉ፤ እጃቸው ላይ ስልክ ወይም የለስላሳ ብርጭቆ አለ፣ ስለዚህ አፍጥጠው የሚያዩ አይመስሉም። ጆሯቸው ግን ጨዋታው ላይ ነው። ስለምን እንደሚወራ ይለያሉ፤ ስለ ቅርጫት ኳስ ነው? ስለ አንድ ጌም ነው? ስለ እራቱ ምግብ ነው? የሚያውቁት ከሆነ ቀረብ ይላሉ። ወሬው ፋታ ሲያገኝ ስለዚያው ነገር አንዲት ዐረፍተ ነገር ጣል ያደርጋሉ። ከዚያ ልጁ ያያል፤ ሌሎቹ ፊታቸውን ወደ እሱ አዞሩ? ክቡን ከፈት አደረጉለት? መለሱለት? ካደረጉ ገብቷል። ካላደረጉ ትንሽ ቆይቶ ወደ ሌላ ቦታ ዞር ይላል፤ ማንም አላባረረውም፣ ማንም አላየውም። ሁልጊዜ አይሳካም፤ ለተጫዋቹም ለደፋሩም እንዲሁ ነው።

ለዓይናፋር ልጅ ይህ መንገድ ይስማማዋል። ማየትና ማዳመጥ ድሮም ሥራው ነው። መርከቡም ያግዘዋል፤ ፒንግ ፖንግ ጠረጴዛው ጋ «ቀጥሎ ማን ነው?» ማለት ብቻውን መግቢያ ይሆናል። ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ባልቲሞር ባለው መንገድ ላይ ሁለት ሦስት እንዲህ ያሉ ዐረፍተ ነገሮችን መለማመድ ይቻላል፤ በእንግሊዝኛ፣ ልጁ ራሱ በሚናገርበት አነጋገር። አባት ያዘጋጀውን እንግሊዝኛ ይዞ የሄደ ልጅ የባንክ ማመልከቻ የሚያነብ ይመስላል።

የጨዋታውም ዓይነት ልዩነት አለው። ካራዮኬ ለዓይናፋር ልጅ የመጀመሪያ ምሽት መከራ ነው። ዕቃ ፈልጎ የማግኘት ውድድር፣ የጥያቄና መልስ ቡድን፣ የጌም ውድድር፣ ቅርጫት ኳስ ይሻለዋል፤ ጎን ለጎን ሆነው ሌላ ነገር እያዩ የሚያወሩባቸው ናቸውና ዓይን ለዓይን መተያየቱ ይቀንሳል። ከ1999 ጀምሮ፣ «ቮየጀር ኦፍ ዘ ሲስ» የተባለችው መርከብ ባሕር ላይ የመጀመሪያውን የቋጥኝ መውጫ ግድግዳ ካቆመች ወዲህ፣ በሮያል ካሪቢያን ኩባንያ መርከቦች ላይ ይህ ግድግዳ የተለመደ ሆኗል። እዚያ ሰልፍ ይያዛል። ሰልፍ ላይ የሚያወራ የለም ማለት አይቻልም።

ግን ከብልሃት ሁሉ የሚበልጠው መደጋገም ነው። ሊዮን ፌስቲንገርና ሁለት ባልደረቦቹ በ1950 ባሳተሙት ጥናት ያገቡ የኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚኖሩባቸውን ቤቶች መርምረው ነበር። ነዋሪዎቹ ቤቱ የደረሳቸው በዕጣ ያህል ነው። በር ለበር ከሚገናኙ ጎረቤቶች 41 በመቶው የቅርብ ወዳጅ ሲባባሉ፣ ሁለት በር የሚራራቁት 22 በመቶ፣ በኮሪደሩ ሁለት ጫፍ ያሉት 10 በመቶ ብቻ ሆኑ። ይህ ለሐበሻ አዲስ ነገር አይደለም፤ ቡና የሚጠራራው ግድግዳ የሚጋራው ነው። ሮበርት ዛዮንክም በ1968 ደጋግመን ያየነውን ነገር፣ ሌላ ምክንያት ሳይኖር፣ እየወደድነው እንደምንሄድ አሳይቷል።

ስለዚህ የወላጅ ትልቁ ሥራ የሚያልቀው መርከብ ላይ ከመውጣት በፊት ነው፤ ቲኬት ሲቆረጥ። ጉዞው በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ዕረፍት ጊዜ ከሆነ ታዳጊ ይሞላል፤ በጥቅምት አጋማሽ ከሆነ ርካሽ ነው፣ ግን የልጁ እኩያ የሚሆኑት በጣት የሚቆጠሩ ይሆናሉ። የሦስት ሌሊት ጉዞ ለዓይናፋር ልጅ አይበቃም፤ መልመድ ሲጀምር ያልቃል። ወደብ የሚበዛበት ጉዞም አያመችም፣ መርከቡ ወደብ ላይ በቆመ ቀን ክለቡ ባዶ ነው። መርከቡ ቀኑን ሙሉ ባሕር ላይ የሚውልባቸው ቀኖች ለአዋቂው አሰልቺ ቢመስሉም ለታዳጊ ሀብት ናቸው፤ ማንም የትም አይሄድም።

መጠኑስ? በጃንዋሪ 2024 ከማያሚ የመጀመሪያ ጉዞዋን ያደረገችው «አይከን ኦፍ ዘ ሲስ» እስከ 7,600 መንገደኛ ትይዛለች። ከባልቲሞር ስትነሣ የቆየችው «ቪዥን ኦፍ ዘ ሲስ» በተለመደው አሳፋፈር 2,000 ገደማ ነው የምትይዘው። ትልቋ ላይ ታዳጊው ብዙ ነው፣ መጫወቻውም በየዓይነቱ ነው፤ ግን ሰኞ ያየኸውን ልጅ ማክሰኞ ላታገኘው ትችላለህ። ለተግባቢ ልጅ ትልቋ፣ ለዓይናፋሩ ትንሿ ትመረጣለች። ብዙ ሰው ከዚህ ተቃራኒውን ይመክራል፤ ከላይ ያየናቸው የኤምአይቲ በሮች ግን ለትንሿ ይመሰክራሉ።

እራትም የዚሁ አካል ነው። በፈለጉት ሰዓት መብላት ለቤተሰቡ ምቹ ነው። ሰዓቱና ጠረጴዛው በየምሽቱ አንድ የሆነውን ምርጫ የሚይዝ ቤተሰብ ግን ያንኑ የጎን ጠረጴዛ፣ እዚያም ያለችውን ያቺኑ እኩያ ልጅ በየምሽቱ ያገኛል። ሁለቱ ልጆች ሦስት ቀን ሳይነጋገሩ ሊተያዩ ይችላሉ። አራተኛው ቀን ላይ በሊፍት ውስጥ ሲገናኙ ግን እንግዳ አይደሉም።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ ምን ይጠበቃል? ጄፍሪ ሆል የተባለ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ምሁር በ2018 ባወጣው ሥራ፣ ከትውውቅ ወደ ተራ ጓደኝነት ለመሻገር 50 ሰዓት ያህል አብሮ ማሳለፍ፣ ጓደኛ ለመባል 90፣ የቅርብ ወዳጅ ለመሆን ከ200 በላይ ሰዓት እንደሚጠይቅ ገምቷል። በክፍል ወይም በሥራ አብሮ መዋል ብዙም አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው አብሮ መጫወት፣ መቀለድ፣ ዝም ብሎ መቀመጥ ነው። ሒሳቡን መሥራት ቀላል ነው። አንድ ልጅ በሰባት ቀን ጉዞ፣ በየቀኑ 6 ሰዓት ከአንድ እኩያው ጋር ቢያሳልፍ 42 ሰዓት ይሆናል። ተሳካ የሚባለው ጉዞ እንኳ ተራ ጓደኝነት ደጃፍ ላይ ነው የሚያደርሰው። ወላጅ «የዕድሜ ልክ ጓደኛ ታገኛለህ» ብሎ ሲሸኝ በልጁ ትከሻ ላይ የማይቻል ሸክም ይጭናል። አንድ ልጅ፣ አንድ ብቻ፣ ስሙን የሚያውቅ ልጅ ማግኘት በቂ ነው።

በቡድን ለሚጓዝ የሐበሻ ዘመድ ደግሞ የአክስትና የአጎት ልጆች ነገር አለ። ተግባቢ የአክስት ልጅ ለዓይናፋሩ ጥሩ መግቢያ ናት፤ እሷ በሩን ከፍታ ስትገባ እሱ ተከትሏት ይገባል። ስድስት ዘመዳሞች ግን አንድ ሶፋ ላይ ተደርድረው በራሳቸው ቀልድ ሲስቁ ሌላ ልጅ ሊቀርባቸው አይደፍርም። ቀኑን ሁለት ሁለት ሆነው ቢከፋፈሉት ይሻላል።

በነሐሴ የተጓዘ ቤተሰብ የፍልሰታ ጾም ሊገጥመው ይችላል። በክለቡ የፒዛ ምሽት ላይ አልበላም ብሎ የተቀመጠ ልጅ ዓይናፋር ይመስላል፤ እሱ የሸሸው ግን አይቡን ነው። የመመገቢያ አዳራሹን ኃላፊ ገና በመጀመሪያው ምሽት አነጋግሮ የጾም ምግብ ማስያዝ፣ ልጁም በልቶ እንዲሄድ ማድረግ፣ ለሚጠይቀውም አንድ አጭር መልስ ማዘጋጀት ነገሩን ያቀለዋል።

ከበሩ ፊት የቆሙትስ ወላጆች? በኮሌጅ ፓርክ በሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ብዙ ሐበሻ ከሚኖርበት ሰፈር አጠገብ ማለት ነው፣ ኬኔት ሩቢን የተባለ ምሁር ለብዙ ዓመታት ዓይናፋር ልጆችን አጥንቷል። እሱና ባልደረቦቹ ከደረሱባቸው ነገሮች አንዱ፣ ዓይናፋር ልጆችም እንደሌሎቹ የልብ ጓደኛ ያላቸው መሆኑ ነው፤ ክባቸው ሊጠብ ይችላል እንጂ ባዶ አይደለም። በአውስትራሊያ ተመራማሪው ሮናልድ ራፒ፣ በሜሪላንድም ሩቢን፣ ከልጁ ቀድሞ መልስ የሚሰጥለትን፣ ከሚያስፈራው ሁሉ የሚያድነውን ወላጅ ጉዳይ አንሥተዋል። እንዲህ ያለ ጥበቃ ፍርሃቱን ያቆየዋል። አስተናጋጁ «ስምህ ማነው?» ሲል እናት ከመለሰች፣ ልጁ ያጣው ቀላሉን ልምምድ ነው።

ከዚህ የባሰው ግን በሰው ፊት «ይሄ ልጅ እኮ ያፍራል» ማለት ነው። በጉዞው ሁሉ መከልከል ያለበት አንድ ንግግር ቢኖር ይህ ነው። ማስገደድም አያዋጣም። መሀከለኛው መንገድ ስምምነት ነው፤ «የመጀመሪያው ምሽት ላይ ለ30 ደቂቃ ብቻ ግባ፤ ካልወደድከው ትወጣለህ፣ አንጠይቅህም።» ቡድኖች የሚፈጠሩት በመጀመሪያውና በሁለተኛው ምሽት ስለሆነ፣ ማግባባት ካለ እዚያ ላይ ይዋል። ከዚያ ወላጅ ከበሩ ይራቅ። በመስታወት አጮልቆ የሚያይ አባት ለልጁ ከጠላት አይሻልም።

መራቅ ሲባል መተው አይደለም። የሌላ ቤተሰብ ካቢን አለመግባት፣ የቤተሰቡ መገናኛ ቦታና ሰዓት፣ ሌሊት የሚመለስበት ሰዓት ከመሳፈር በፊት ይወሰናሉ።

ልጁ ትምህርት ቤት ሁሉ የሚሸሽ፣ ሰው ፊት መብላት የማይችል፣ ለወራት እንዲህ የቆየ ከሆነ ጉዳዩ ዓይናፋርነት ብቻ ላይሆን ይችላል። ማኅበራዊ ጭንቀት የሚባለው ሕመም በአብዛኛው በ13 ዓመት አካባቢ ይጀምራል፤ ሕክምናም ይረዳል። ለዚህ የሚያስፈልገው ባለሙያ ነው፤ መርከብ አይፈውሰውም።

የቀረው የመሰነባበቻው ነገር ነው። ታዳጊዎቹ መርከቡ ላይ በኩባንያው መተግበሪያ መልእክት ሲላላኩ ይሰነብታሉ፤ ከመርከቡ ሲወርዱ ግን ያ አገልግሎት ያበቃል። በመጨረሻው ሌሊት ሻንጣ ከካቢን በር ውጭ ይደረጋል፤ ጠዋት በቁጥር እየተጠራ ይወረዳል፤ በዚያ ግርግር የክፍል ቁጥሯ ያልታወቀ ልጅ መፈለግ ዘበት ነው። ዓይናፋሩ ልጅ ደግሞ አድራሻ መጠየቅን እስከ መጨረሻው ደቂቃ ያቆየዋል። ከመጨረሻው እራት በፊት፣ ገና ፒንግ ፖንግ ላይ ሳሉ፣ እንዲለዋወጡ ቀደም ብሎ ጆሮው ላይ ጣል ማድረግ የወላጅ ፈንታ ነው።